ልጄ የነርቭ ማነቃቂያ ማሽን ይገጠምለት ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ 28 ኪሎ ይመዝናል። ከ3 ዓመቱ ጀምሮ የሆድ ድርቀት ያሠቃየዋል። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው የሚወጣለት። ሲወጣም በጣም ትልቅ ስለሆነ ሽንት ቤቱን ይዘጋዋል። ሱሪው ላይ ማምለጥ ከጀመረው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ ይሸሹታል። ሚራላክስ የሚባለውን ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ስንጀምርለት ተቅማጥ ስለሚያመጣበት እናቆማለን፤ ሲብስበት መልሰን እንጀምራለን። እናቴ ተልባ ትሰጠዋለች፤ ኮሶ ቢጠጣ ይጠራለት ነበር ትላለች። አሁን የሆድ ሐኪሙ «የነርቭ ማነቃቂያ የሚባል አለ፤ ከወገቡ በታች ትንሽ ማሽን ይቀበርለታል» ብሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈልን። ሽቦው ከአከርካሪው ጋር የሚገናኝ ነው ሲሉኝ ክው አልኩ። ሽባ ሆኖ ቢቀርብኝስ? ያለ ቀዶ ጥገና የሚሆን ነገር የለም? ደግሞስ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ነው የሚኖረው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ከሚነሳዎት ነገር ልጀምር። ሽቦው የልጅዎን ኅብለ ሰረሰር አይነካም። ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው የወገብ አጥንት አጠገብ ነው። ሽቦው የሚገባው ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው። ከመቀመጫ በላይ፣ ሳክረም የሚባል ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው አጥንት አለ። ይህ አጥንት በተፈጥሮው በግራም በቀኝም ቀዳዳዎች አሉት። በየቀዳዳው አንድ ነርቭ ያልፋል። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ሦስተኛውን ነርቭ ነው። እሱ ወደ ፊኛ፣ ወደ መጨረሻው የአንጀት ክፍልና ፊንጢጣን ወደሚዘጉት ጡንቻዎች ይሄዳል። ቀጭኑ ሽቦ ከዚህ ነርቭ ጎን ተቀምጦ ከማሽኑ የሚመጣውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ያደርስለታል። ልጅን ሽባ የሚያደርግ ሕክምና አይደለም።

ምንም ችግር የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ችግሩን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። የነርቭ ማነቃቂያ እውነተኛ ሕክምና ነው። ሌላው ሁሉ አልሆን ብሏቸው በዚህ እፎይ ያሉ ልጆች አሉ። ከጻፉልኝ ስነሳ ግን ልጅዎ ከዚህ በፊት በቅጡ ሊያገኘው የሚገባ፣ ያላገኘው ሕክምና አለ። የተከማቸውን ሰገራ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት፣ ከዚያም አንጀቱ ተመልሶ እንዳይሞላ ለወራት ሳያቋርጡ መጠበቅ ነው። የሞላ አንጀትን የሚያጸዳ ማሽን የለም።

ይህን ያስባለኝ «ተቅማጥ ስለሚያመጣበት እናቆማለን» የሚለው ቃልዎ ነው።

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ቀን ደረቅ ሰገራ ያወጣል፤ ያመዋል፤ ምናልባትም ይቆስላል። ሁለተኛ ሲመጣበት ይፈራል። ሶፋ ጀርባ ይደበቃል። እግሮቹን ያጣምራል፤ በእግሩ ጣቶች ይቆማል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ያልበዋል። እናት ይህን ስታይ «ውይ ልጄን፣ እያማጠ አልወጣ አለው» ትላለች። ልጁ ግን እያማጠ አይደለም። እንዳይወጣ እየያዘ ነው። በያዘው ቁጥር አንጀቱ ከሰገራው ውሃውን ይመጥጣል፤ ሰገራው ይበልጥ ይደርቃል፤ ይተልቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ የባሰ ያመዋል። እሱም የባሰ ይይዛል።

ይህ ዓመታት ሲቆይ የመጨረሻው የአንጀት ክፍል እንደላላ የሱሪ ላስቲክ ይሆናል። ይሰፋል፤ መልሶ አይሰበሰብም። ሲሞላም ለአእምሮ «ሞልቻለሁ» ብሎ አይናገርም። ጠንካራው ክምር ባለበት ተቀምጦ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ሰገራ በጎንና በጎኑ ሾልኮ ይወርዳል። ሱሪው ላይ የሚያዩት እሱን ነው። ልጁ ሲያመልጠው አይሰማውም። ሽታውንም አፍንጫው ስለለመደው አያሸተውም። «እንዴት አይታወቅህም?» ሲባል «አላወቅኩም» የሚለው እውነቱን ነው። ስንፍና አይደለም፤ እልህም አይደለም። በዚህ ምክንያት እንዳይመታ፣ እንዳይሰደብ፣ በእንግዳ ፊት እንዳይነሳበት እለምንዎታለሁ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ያፈረና የፈራ ልጅ ይበልጥ ስለሚይዝ ሕክምናውም ይበላሻል።

አሁን ወደ ሚራላክሱ እንመለስ። ሲጀምሩለት መጣ ያሉት ተቅማጥ ይህ ሾልኮ የሚወርደው ሰገራ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ ውሃ ይዞ አንጀት ውስጥ ይገባል። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ክምሩን መስበር ስለማይችል በጎኑ አልፎ ይወጣል። ቤተሰብ ይደነግጥና ያቆማል። ክምሩ ንቅንቅ ሳይል እዚያው ይቀራል። ከወር በኋላ ደግሞ ያው ይደገማል። ከውጭ ሲታይ «መድኃኒት ተሞክሮ እምቢ ያለ ልጅ» ይመስላል። በእኔ ግምት ግን መድኃኒቱ ገና በትክክል አልተሞከረም።

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልጆች የሆድና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2014 የጋራ መመሪያ አውጥተዋል። በዚያ መሠረት መጀመሪያ የሚሠራው ክምሩን ማስወጣት ነው። ፖሊኢትሊን ግላይኮል፣ ማለትም እናንተ ሚራላክስ የምትሉት፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ከ3 እስከ 6 ቀን ይሰጣል። ለ28 ኪሎ ልጅ ይህ በቀን ከ28 እስከ 42 ግራም ይሆናል። የጠርሙሱ አንድ ክዳን 17 ግራም ስለሚይዝ ሁለት ክዳን ገደማ ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሰጠው ግማሽ ክዳን ነው። ልዩነቱን ይዩት። በእነዚያ ቀናት ቤቱ ይረበሻል፤ ልብስ ይበላሻል። ስለዚህ ትምህርት የሌለበት ሳምንት ቢመረጥ ለልጁም ለእርስዎም ይቀላል። መጠኑን ግን ሐኪሙ አይቶት ነው የምትጀምሩት። ሆዱ በጣም ከተነፋ፣ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ በተለይ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ አይሞክሩት። ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሁለተኛው ደረጃ ማቆየት ነው። መጠኑ ወደ 0.4 ግራም በኪሎ ዝቅ ይልና ሰገራው ለስላሳ ሆኖ በየቀኑ እንዲወጣ ከፍ ዝቅ እየተደረገ ይቀጥላል። መመሪያው ቢያንስ ሁለት ወር ይላል። ማቆም የሚቻለውም ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ። ስድስት ዓመት ለቆየ ችግር እኔ ከስድስት ወር በታች አላስብም፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። «አንጀቱ ይለምደዋል፣ ሰነፍ ይሆናል» የሚለውን ስጋት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህ መድኃኒት ሥራው ውሃ ይዞ ሰገራውን ማለስለስ ብቻ ነው፤ አንጀትን አያሰንፍም። አንጀትን የሚያሰንፈው ሞልቶ መክረሙ ነው። አገር ቤት ሆነው ይህን ለምታነቡ ደግሞ፣ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ካልተገኘ መመሪያው በሁለተኛነት የሚያስቀምጠው ላክቱሎስ ሽሮፕን ነው።

ከመድኃኒቱ ጋር ሽንት ቤት መቀመጥ አለ። ከምግብ በኋላ አንጀት በራሱ ይንቀሳቀሳል። ቁርስና እራት በልቶ ሲነሳ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። እግሩ አየር ላይ ከተንጠለጠለ መግፋት አይችልም። ጉልበቱ ከወገቡ ከፍ እንዲል ከእግሩ ሥር በርጩማ ያድርጉለት። ባይወጣለትም በመቀመጡ ብቻ አይዞህ፣ ጎበዝ ይባል።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ ብዙ ልጆች የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ስለሚጠሉ ቀኑን ሙሉ ይይዛሉ። አሜሪካ ስለሆኑ 504 ፕላን የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቱ የጤና ችግር ላለበት ልጅ በጽሑፍ የሚያደርገውን ማመቻቸት፣ መጠየቅ ይችላሉ። ሐኪሙ ደብዳቤ ይጽፋል። ልጁ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ከተቻለም የነርሷን ሽንት ቤት እንዲጠቀም፣ ቅያሪ ልብስ እዚያ እንዲቀመጥለት ይደረጋል። ወላጆች «ስሙ ይጠፋል» ብለው ይተዉታል። እኔ ግን ስሙን የሚያጠፋው ክፍል ውስጥ ማምለጡ ነው እላለሁ።

እናትዎ ስለሚሰጡት ተልባ ክፉ አልናገርም። አሰር አለው፤ ያለሰልሳል፤ ከብዙ ውሃ ጋር ከሆነ ለጤነኛ አንጀት ጥሩ ነው። ክምሩ ሳይወጣ ከላይ አሰር መጨመር ግን የሚያደርገው ማባባስ ነው። ከጸዳ በኋላ ይቀጥሉበት። እንጀራውም፣ ምስሩም፣ ፍራፍሬውም ያን ጊዜ ይረዳል። ወተት የሚያበዛ ልጅ ከሆነ ይቀነስለት። ኮሶን ግን በፍጹም። ኮሶ የትል መድኃኒት ነው። መጠኑ አይታወቅም፤ ዓይንንም እስከመጉዳት ይደርሳል። ለእናትዎ ይህን ሲነግሩ ሐኪሙ ነው ያለው ይበሉ፤ እንዳይከፋቸው።

ማሽን ከመታሰቡ በፊት ሌላም የሚጣራ ነገር አለ። ከመቶ ዘጠና በላይ በሚሆኑት ልጆች የሆድ ድርቀቱ የአካል ጉድለት የለበትም። የቀሩት ግን መገኘት አለባቸው። ልጅዎ ሲወለድ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ መቼ እንዳወጣ ያስታውሳሉ? ከ48 ሰዓት በላይ ቆይቶ ከነበረ ሂርሽፕሩንግ የሚባል በሽታ ይጠረጠራል። በዚህ በሽታ የአንጀቱ ጫፍ ነርቭ ሳይኖረው ይፈጠራል። ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል። የሚረጋገጠው ከአንጀቱ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ዓይነት ቀዶ ጥገና ነው። ልጅዎ ችግሩ በ3 ዓመቱ ስለጀመረው ይህ ብዙም አያሳስበኝም፤ ጥያቄው ግን ይጠየቅ። የታይሮይድ እና የሲሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው የአንጀት በሽታ) የደም ምርመራም ይታይ። ወገቡ ላይ ጠጉር፣ ጉድጓድ ወይም እብጠት ካለ፣ እግሩ ከደከመ፣ ሽንትም ማምለጥ ከጀመረው የአከርካሪ ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። የሳክረም ነርቭን ማነቃቃት በ1980ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለፊኛ ችግር የተጀመረ ነው። በ1995 የጀርመን ሐኪሞች ሰገራ ለሚያመልጣቸው አዋቂዎች እንደሠራ ጻፉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) በ1997 ሽንት ለሚያመልጣቸው፣ በ2011 ደግሞ ሰገራ ለሚያመልጣቸው አዋቂዎች ፈቀደው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ለሆድ ድርቀት አልተፈቀደም፤ ለልጆችም አልተፈቀደም። ልጆች ላይ የሚደረገው በሐኪሙ ውሳኔ ነው። ይህ ሕገወጥ አይደለም፤ በልጆች ሕክምና የተለመደ ነገር ነው። ግን ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሊል ስለሚችል አስቀድሞ ፈቃድ መገኘቱን ይጠይቁ።

እንዴት እንደሚሠራ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ነርቩ ሲነካካ ወደ ጡንቻው የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። ከአንጀት ወደ አእምሮ የሚሄደው መልእክትም ይለወጣል። በዚህም ልጁ «መጣብኝ» የሚለው ስሜት የሚመለስለት ይመስላል።

ይጠቅማል ወይ? የኔ ንባብ እንዲህ ነው። ማምለጥን ለመቀነስ ይሻላል፤ ድርቀትን ለማስተካከል ደከም ይላል። በ2015 የአውስትራሊያ ሐኪሞች አንጀታቸው በጣም ዘገምተኛ በሆነ አዋቂዎች ላይ ማሽኑን ታካሚው ሳያውቅ እያበሩና እያጠፉ አወዳድረው ነበር። በበራበትና በጠፋበት ጊዜ መካከል ልዩነት አላገኙም። በልጆች ላይ የወጡት ጥናቶች፣ ለምሳሌ ኦሃዮ ኮሎምበስ ካለው የልጆች ሆስፒታል የመጡት፣ የተሻለ ተስፋ ይሰጣሉ። ብዙዎቹ ልጆች ማምለጡ ቀንሶላቸዋል፤ ወላጆቻቸውም ደስተኞች ናቸው። ግን እነዚህ ጥቂት ልጆች የተከታተሏቸው ጥናቶች ናቸው፤ ከማስመሰያ (ከማይሠራ) ማሽን ጋር የተወዳደሩ አይደሉም። ስለዚህ ሐኪሙን «ይህ ማሽን የልጄን ምኑን እንዲያሻሽልለት ነው የሚጠብቁት? ማምለጡን ነው ወይስ ድርቀቱን?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ብዙ ይነግርዎታል።

ችግሩን እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ልጅ ያድጋል፣ ይሮጣል፣ ይወድቃል። ሽቦው ከቦታው ሊንሸራተት ወይም ሊበጠስ ይችላል። ማሽኑ የተቀበረበት ቦታ ሊያመረቅዝ ወይም ሊያም ይችላል። ከታተሙት ሪፖርቶች የምናየው ማሽኑ ከተገጠመላቸው ልጆች አንድ አራተኛ ያህሉ ድጋሚ ቀዶ ጥገና እንዳስፈለጋቸው ነው። ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ያልቃል። የሚሞላ ባትሪ ያለው ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ የማይሞላው በሌላ ቀዶ ጥገና ይቀየራል። ኤምአርአይ ለማንሳት አዲሶቹ ማሽኖች በተወሰነ ሁኔታ ይፈቅዳሉ፤ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ይጻፍልዎት።

ዕድሜ ልኩን ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። ማሽኑ ከውጭ በመቆጣጠሪያ ይጠፋል፤ ካልጠቀመም ይወጣል።

ደግሞ ማንም ቀጥታ አይቀብረውም። ሙከራ አለ። ልጁ በማደንዘዣ ይተኛል። ሐኪሙ በራጅ እያየ ቀጭኑን ሽቦ በአጥንቱ ቀዳዳ ያስገባል። ትክክለኛው ነርቭ ጋ መድረሱን የሚያውቀው በምን መሰለዎት? ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲለቅ የፊንጢጣው ጡንቻ ይሰበሰባል፤ የእግሩ አውራ ጣትም ወደ ታች ይታጠፋል። ከዚያ ሽቦው ከውጭ ካለ ትንሽ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ልጁ መሣሪያውን ወገቡ ላይ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቦታው ውሃ አይነካውም፤ መዝለልና መሮጥ የለም። እርስዎ በየቀኑ ይመዘግባሉ። ምልክቱ ቢያንስ በግማሽ ከተሻሻለ ማሽኑ ከመቀመጫው በላይ፣ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ካልተሻሻለ ሽቦው ይወጣል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህን ሙከራ የምወደው ለዚህ ነው። ግን ክምሩ ሳይወጣ ከተደረገ ውጤቱ አይታመንም።

ያለ ቀዶ ጥገናስ ላሉኝ፣ አለ። በዚህ ብዙ የደከሙት የሜልበርን ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው። ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ አራት ተለጣፊ ፓዶች አሉ። ሁለቱ ሆድ ላይ ከጎድን አጥንት በታች፣ ሁለቱ ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። የቀኙ ሆድ ከግራው ጀርባ፣ የግራው ሆድ ከቀኙ ጀርባ ይያያዛል። ስለዚህ ሁለቱ ሞገዶች ሆድ ውስጥ ይሻገራሉ። ልጁ የሚሰማው ንዝረት ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥን እያየ ይቀመጣል። በ2005 ባወጡት የመጀመሪያ ጥናት 8 ልጆች ነበሩ፤ በ7ቱ ማምለጡ ቆሟል። መጀመሪያ በሳምንት 3 ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ክሊኒክ ውስጥ ነበር የሚሰጡት። በኋላ ወላጆችን አሠልጥነው ቤት ውስጥ በቀን 1 ሰዓት ለወራት እንዲሰጡ አደረጉ።

ነገር ግን ማስረጃው ገና ቀጭን ነው። በ2016 ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን ጉዳዩን ሲፈትሽ መስፈርቱን ያሟላ አንድ ጥናት ብቻ፣ 46 ልጆች ያሉበት፣ አገኘ። ማስረጃውንም በጣም ደካማ ብሎታል። ከላይ የጠቀስኩት የ2014 መመሪያም በቆዳ ላይ የሚደረገውን ማነቃቂያ ለሁሉም ልጅ በተለምዶ እንዲሰጥ አይመክርም። ይህ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው። ሌላም ልዩነት አለ። የሜልበርን ልጆች መላው ትልቁ አንጀታቸው ዘገምተኛ የሆነባቸው ናቸው። የእርስዎ ልጅ ግን ከገለጹልኝ ሲታይ ወደሚይዙት ልጆች ያደላል። የትኛው እንደሆነ በራጅ የሚታዩ ትንንሽ ምልክቶችን ውጦ፣ በስንት ቀን እንደሚወጡና የት ላይ እንደሚቆሙ በማየት ይለያል። ይህ ምርመራ ካልተሠራለት ይጠይቁ።

ፓዱን ሳክረም አጥንቱ ላይ ብቻ የሚለጥፉም አሉ፤ ብራዚል ውስጥ ሽንትም ድርቀትም ላለባቸው ልጆች ብዙ ተሠርቶበታል። ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለውን ነርቭ በቀጭን መርፌ ወይም በፓድ የሚያነቃቁም አሉ። ለአዋቂዎች በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ነው። ሆኖም በ2015 እንግሊዝ አገር ሰገራ የሚያመልጣቸው 227 አዋቂዎች ላይ ሲፈተን ከማስመሰያው ብዙም አልተለየም። ስለዚህ ለቁርጭምጭሚቱ ብዙ ገንዘብ አያውጡ። ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ማሽንም ሰምተው ይሆናል። እሱ በ2019 የተፈቀደው ከ11 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሆድ ሕመም ነው። የድርቀት ሕክምና አይደለም።

ፓዱ ርካሽ ነው፤ ጉዳቱም የቆዳ መቅላት ያህል ነው። ስለዚህ ከተቀባሪው ማሽን በፊት ይህን እጠይቅ ነበር። ግን ኦንላይን ተገዝቶ የመጣን ማሽን በግምት እንዳይለጥፉበት። የልጆች የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒስት ያሳይዎት። ልብ ውስጥ ማሽን ላለው ልጅ ክልክል ነው፤ የሚጥል በሽታ ካለም ሐኪም ሳያውቅ አይሆንም። ፊዚዮቴራፒስቷ ሌላም ነገር ታየዋለች። አንዳንድ ልጆች መግፋት ሲገባቸው ጡንቻውን ይጨብጣሉ፤ ያንን ማስተማር ራሱ ሕክምና ነው።

ሁሉም ተደርጎ እምቢ ካለስ? ማሽኑ ብቸኛ መንገድ አይደለም። በፊንጢጣ በኩል ውሃ አስገብቶ አንጀቱን የሚያጥብ መሣሪያ አለ፤ ቤት ውስጥ ይደረጋል። በ1990 ደግሞ ማሎን የተባለ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ቀዶ ሐኪም ትርፍ አንጀትን ከሆድ ቆዳ ጋር የሚያገናኝ ዘዴ አስተዋውቋል። በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ልጁ ራሱ ማጠቢያውን ከላይ ያስገባል፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ ያወጣዋል። በተለይ ከአከርካሪ ክፍተት ጋር ለተወለዱ ልጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ስለሆኑ ወላጆቻቸው ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ሁለቱንም ለእርስዎ ልጅ ዛሬ አልመክርም። መኖራቸውን ይወቁ ብዬ ነው።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄዱን አይተዉት። ቀጠሮው ወራት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ክምሩን የማስወጣቱን ነገር ከሐኪማችሁ ጋር ይጨርሱ። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይያዙ። በየቀኑ ስንት ጊዜ ወጣለት፣ ምን ዓይነት ነበር፣ ስንት ጊዜ አመለጠው፣ ምን ያህል መድኃኒት ወሰደ፣ ስንት ቀን ተዘለለ። ያንን ደብተር ያየ ሐኪም ከአንድ ሰዓት ወሬ የበለጠ ያውቃል።

ቀጠሮው ዕለት አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በነጻ ነው፤ መብትዎም ነው። እንግሊዝኛ ይችላል ብለው ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። ስለ ራሱ ማምለጥ በራሱ አፍ ለሐኪም እንዲያስረዳ ማድረግ ይከብደዋል። ደግሞ የሚያሳፍረውን ይዘለዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ያ የዘለለው ነው።